የአንድ መንፈቅ ዓመት ጊዜ ላላቸው ተማሪዎች የሚሆን የሥነ ምህዳር ምህንድስና ምርምር እንዴት ይነደፋል?

ጠያቂ (የአራተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና አራት ጓደኞቼ የመመረቂያ ሥራችንን በሥነ ምህዳር ምህንድስና ዘርፍ ለመሥራት ወስነናል። ያሰብነው ከተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ የሚወጣውን የሰሃንና የእጅ እጣቢ የሚያጣራ፣ በጠጠር መደብ ላይ ሸምበቆና ፊላ የሚበቅልበት ሰው ሠራሽ ረግረግ ገንብተን፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ውሃ ጎን ለጎን እየለካን ምን ያህል እንደሚጠራ ማሳየት ነበር። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ ንድፍ ይዘን አማካሪያችን ዘንድ ስንቀርብ ሐሳቡን ወደዱት፤ ሆኖም «ይህ በአንድ መንፈቅ ዓመት የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ አሳንሳችሁ ተመለሱ» አሉን። በእጃችን ያለው 16 ሳምንት ሲሆን፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ለጽሑፍ ዝግጅት ይሄዳሉ።

አሳንሱ የተባልነውን ተቀብለናል፤ የቸገረን እንዴት እንደሚያንስ ነው። በገንዳና በባልዲ የተሠራ ሙከራ ለሌላ ሰው የሚጠቅም እውቀት ይወጣዋል ወይስ ለማርክ ብቻ የሚሠራ ልምምድ ሆኖ ይቀራል? እስከ ዛሬ የተማርነው በአብዛኛው ኮንክሪትና ቧንቧ ነው። ሕይወት ያለው ነገር የንድፉ አካል ሲሆን የመሐንዲሱ ሥራ በምን እንደሚለወጥ በገዛ እጃችን ማየት እንፈልጋለን። በዚህ መስክ የሠራችሁ ሰዎች ምን መለካት፣ ምንስ መተው እንዳለብን ብትመክሩን በእጅጉ እናመሰግናለን።

መልስ 1 (የአካባቢ ምህንድስና መምህር)፦

አማካሪያችሁ ልክ ናቸው። ምክንያቱን ስታውቁ ደግሞ ሥራችሁን በየት በኩል ማሳነስ እንደሚገባችሁ ይገለጥላችኋል። የሸምበቆ ሥር በጠጠሩ ውስጥ ተንሰራፍቶ መደቡን ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት የዕድገት ወቅት ይፈጃል። ቆሻሻውን በዋናነት የሚያብላሉት ባክቴሪያዎችም በጠጠሩ ገጽ ላይ ስስ፣ የሚያዳልጥ ልባስ ሠርተው እስኪደላደሉ ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ያልፋሉ፤ በተለይ አሞኒየምን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ዝግ ብለው የሚባዙ ናቸው። በአንጻሩ አዲስ ጠጠር ፎስፈረስን ገጹ ላይ ስለሚይዝ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚወጣው ውሃ ኋላ ከሚሆነው የተሻለ ይመስላል፤ ገጹ ሲሞላ ያ ውጤት እየወረደ ይሄዳል። ስለዚህ 13 ሳምንት ለክታችሁ «ይህ ረግረግ ፎስፈረስን በዚህን ያህል በመቶ ይቀንሳል» ብትሉ፣ የለካችሁት የጠጠሩን አዲስነት ይሆናል።

እንግዲህ መልሱ በ13 ሳምንት ውስጥ የሚገኝ ጥያቄ መጠየቅ ይበጃል። እኔ ብሆን አስቀድሜ የምመርጠው የውሃውን መንገድ ማጥናት ነው። 60 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ገንዳ በታጠበ ጠጠር ብትሞሉትና በጠጠሩ መካከል ያለው ክፍተት 40 በመቶ ቢሆን፣ የሚይዘው ውሃ 24 ሊትር ብቻ ነው፤ ውሃው በውስጡ ሦስት ቀን እንዲቆይ ከፈለጋችሁ በቀን 8 ሊትር ታስገባላችሁ። ይህ ግን የወረቀት ሦስት ቀን ነው። ውሃ አቋራጭ ስለሚፈልግና የገንዳውን ማዕዘኖች ትቶ በመሐል ሰንጥቆ ስለሚወጣ፣ እውነተኛው ቆይታ አብዛኛውን ጊዜ ከተሰላው ያንሳል። ክፍተቱንም ቢሆን ከመጽሐፍ አትውሰዱት፤ ደረቅ ጠጠር በሞላው ገንዳ ላይ በሊትር እየሰፈራችሁ ውሃ ጨምሩና እስከ አፉ ሲደርስ ስንት እንደገባ መዝግቡ።

ከዚያ የተመጠነ የገበታ ጨው በውሃ አሟሙታችሁ በመግቢያው በኩል በአንድ ጊዜ አፍስሱ፤ በመውጫው በኩል ደግሞ ጨው ሲገባበት ከፍ የሚለውን የውሃውን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ተራ ገብታችሁ፣ ለኩ። ጨው ከበዛ ከባዱ ውሃ ወደ ታች ይሰምጥና ልኬቱን ያዛባል፤ ተክሉንም ይጎዳል። የምታገኙት ኩርባ ፈጥኖ ወጥቶ ቀስ እያለ የሚወርድ ነው፤ ጫፉ ከተሰላው ሰዓት ምን ያህል እንደቀደመ አቋራጩን፣ ጅራቱ ምን ያህል እንደረዘመ ደግሞ ውሃው የሚተኛበትን ጥግ ያሳያችኋል። ይኸንኑ ልኬት በ3ኛውና በ12ኛው ሳምንት ብትደግሙት፣ የሥሩ ማደግ የውሃውን መንገድ ለውጦት እንደሆነ የሚመልስ፣ በጊዜያችሁ ውስጥ ተጀምሮ የሚያልቅ ጽሑፍ አገኛችሁ ማለት ነው።

ሌላው የማነጻጸሪያ ጉዳይ ነው፤ በተማሪዎች ሥራ ውስጥ ከሁሉ በላይ ሲያሳዝነኝ የኖረውም እሱ ነው። አንድ ገንዳ ተክል ያለው፣ አንድ ገንዳ ተክል የሌለው አድርጋችሁ ከእያንዳንዳቸው ሃያ ሃያ ናሙና ብትወስዱ፣ ያላችሁ ሃያ ድግግሞሽ ሳይሆን አንድ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ከተክሉ ይምጣ ወይም አንደኛው ገንዳ ፀሐይ በዝቶበት እንደሆነ የምታውቁበት መንገድ የለም። ይህን ስሕተት ስቱዋርት ኸርልበርት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ የውሸት ድግግሞሽ ብለው ሰይመው በዝርዝር አሳይተዋል፤ ዛሬም ግን በየዓመቱ አየዋለሁ። ስድስት ገንዳ አዘጋጁ፤ ሦስቱ ይተከልባቸው፣ ሦስቱ ባዶ ጠጠር ይሁኑ፣ ቦታቸውም በዕጣ ይደልደል።

በባልዲ የተሠራ ነገር እውቀት ይወጣዋል ወይ ላላችሁት፣ ካተ ዛይድል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጀርመን ፕሎን በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ቄጠማ መሰል የውሃ ተክሎች ቆሻሻ ውሃን ማጥራት እንደሚችሉ ሲመረምሩ የጀመሩት በትንንሽ ሙከራ ነበር። ዛሬ በየአገሩ የምናያቸው የጠጠር ረግረጎች የዘር ሐረጋቸው ወደዚያ ይመለሳል።

መልስ 2 (የውሃ ጥራት ቤተ ሙከራ ባለሙያ)፦

መምህሩ በተናገሩት ላይ ከቤተ ሙከራ በኩል የሚታየውን ልጨምር። ስድስት ገንዳና አንድ መግቢያ ማለት በሳምንት ሰባት ናሙና ነው፤ ለአስር ሳምንት ሰባ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲለካ ደግሞ በአንድ መለኪያ ብቻ 140 ልኬት ይደርሳል። አምስት ተማሪዎች ከትምህርት ጋር ይህን ለአሥር ዓይነት መለኪያ ሊችሉት አይችሉም። ሦስት ወይም አራት ምረጡና እነሱን በጥንቃቄ ሥሩ። ሙቀትን፣ በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅንና የአሲድነት ልክን እዚያው ገንዳው አጠገብ ለኩ፤ በጠርሙስ ተጉዘው ሲደርሱ ተለውጠው ይገኛሉና።

ባዮኬሚካል የኦክስጅን ፍላጎትን፣ ማለትም ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ሲያብላሉ የሚጠቀሙትን የኦክስጅን መጠን፣ ከመረጣችሁ ቀኑን አስቡበት። ናሙናው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨለማ ውስጥ 5 ቀን ተቀምጦ የሚነበብ ስለሆነ፣ ሰኞ የተጀመረው ቅዳሜ፣ ማክሰኞ የተጀመረው እሑድ ላይ ይወድቃል። ቤተ ሙከራው ቅዳሜና እሑድ ዝግ ከሆነ ናሙና መውሰጃችሁ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ጠዋት ይሁን። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ የግማሽ መንፈቅ ውጤት ያጡ ተማሪዎች አይቻለሁ።

ከሁሉም በላይ የማሳስባችሁ የሚገባውንና የሚወጣውን ውሃ መጠን በየቀኑ እንድትሰፍሩ ነው። ተክል ውሃ ይጠጣል፣ በቅጠሉም ወደ አየር ይለቃል። ለምሳሌ 8 ሊትር አስገብታችሁ 5 ሊትር ብቻ ቢወጣ፣ በሚገባው ውሃ ውስጥ በአንድ ሊትር 40 ሚሊግራም፣ በሚወጣው ውስጥ 32 ሚሊግራም ናይትሮጅን ቢኖር፣ በሊትር ያለውን ብቻ የሚያይ ሰው የቀነሰው 20 በመቶ ነው ይላል። የገባው ግን በጠቅላላው 320 ሚሊግራም፣ የወጣው 160 ሚሊግራም ነው፤ ግማሹ ቀርቷል ማለት ነው። መጠኑን ያልሰፈረ ተማሪ ተክል ያለበትን ገንዳ ያለ ጥፋቱ ይወቅሰዋል።

የመመገቢያ አዳራሽ እጣቢ ቅባት ይበዛዋል። ከጠጠሩ በፊት ቅባቱ ተንሳፍፎ፣ ደቃቁ ሰጥሞ የሚቀርበት አነስተኛ ማጥለያ ካላስቀደማችሁ፣ መግቢያው አካባቢ ያለው ጠጠር ቶሎ ይደፈናል። ጓንት ሳታደርጉ እጣቢውን አትንኩ፤ የናሙና ጠርሙስ ምግብ በሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ።

መልስ 3 (የድኅረ ምረቃ ትምህርቱን የጨረሰ)፦

እኔ የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። ለማስተርስ ትምህርቴ ከእኔ በፊት የነበሩ ተማሪዎች የሠሯቸውን ሁለት የጠጠር መደቦች ወረስኩ። ሲወርሱት ሥራው የተጋመሰ ይመስላል፤ ሸምበቆው ቆሟል፣ ቧንቧው ተገጥሟል። ከመደቦቹ ጋር የተሰጠኝ ወረቀት ግን የመጨረሻው ሪፖርት ብቻ ነበር። ልኬት ስጀምር አንደኛው መደብ ሪፖርቱ ላይ ከተጻፈው በጣም ያነሰ ውጤት ሰጠኝ። ጠጠሩ ፎስፈረስ ጠግቦ ይሆናል ብዬ አንድ ወር፣ ፓምፑ ይሆናል ብዬ ሌላ ወር አባከንኩ።

በመጨረሻ ሲጨንቀኝ በመደቡ ጫፍ ላይ በአካፋ ቆፈርኩ። ከላይ ወደ አንድ ክንድ የሚጠጋው ጠጠር ቡናማና አቧራ የለበሰ፣ እንደ መንገድ ዳር ድንጋይ ደረቅ ነበር። ከዚያ በታች በገመድ የተሰመረ በሚመስል ድንበር ላይ ጠጠሩ ድንገት ጥቁር ሆነ፤ የበሰበሰ እንቁላል ሽታም ወጣ። ጥቁረቱ ኦክስጅን በሌለበት የሚፈጠረው የብረት ሰልፋይድ ነው፤ ውሃው ለረጅም ጊዜ ከዚያ መስመር በላይ አልወጣም ነበር ማለት ነው። አንድ ሰው ከእኔ በፊት ናሙና ለመቅዳት እንዲመቸው የመውጫውን ቧንቧ ክርን ወደ ታች አዙሮት ኖሯል። መደቡ የሚሠራው በታችኛው ክፍሉ ብቻ ነበር፤ የሸምበቆው ሥር አብዛኛው ደግሞ ያለው ከላይ ነው። ያቺ አንዲት እርምጃ ከቀኗ ጋር በመዝገብ ሰፍራ ቢሆን ኖሮ ሁለት ወር አይጠፋብኝም ነበር።

ያደረገውን ሰው አልወቅሰውም፤ ሥራው በእሱ እንደማያበቃ የነገረው አልነበረም። እናንተ ግን 13 ሳምንት ብቻ እንዳላችሁ፣ ረግረጉ ደግሞ ዓመታት እንደሚፈልግ አስቀድማችሁ አውቃችኋል። ስለዚህ ከጽሑፋችሁ እኩል የምትጨነቁበት የመደቡ መዝገብ ይኑራችሁ። ጠጠሩ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ጊዜ እንደታጠበ፣ የመውጫው ቧንቧ ከፍታ በሚሊሜትር ስንት እንደሆነ፣ ማን በየትኛው ቀን ምን እንደነካ፣ የሞተውንና እንደገና የተተከለውን ሳይቀር ጻፉ። የከፍታውን ምልክት በገንዳው ላይ በማይለቅ ቀለም አስምሩት። ከኮምፒውተር ፋይል ሌላ በወፍራም ደብተር ይሁን፤ ደብተሩም ከገንዳዎቹ አጠገብ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

መልስ 4 (የሥነ ምህዳር ተመራማሪ)፦

ከላይ የተሰጡት ምክሮች ጠቃሚ ናቸው፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ሦስቱም ምክሮች ረግረጉን እንደ ማጣሪያ ዕቃ ብቻ ያዩታል። ጠያቂው የጻፈው ግን ሕይወት ያለው ነገር የንድፉ አካል ሲሆን ምን እንደሚለወጥ ማየት እንፈልጋለን የሚል ነው፤ ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ሊቅ ሃዋርድ ኦደም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥነ ምህዳር ምህንድስና የሚለውን ስያሜ ሲያስተዋውቁ ትኩረታቸው ሰው በጥቂቱ ሲገፋ ተፈጥሮ አብዛኛውን ሥራ ራሷ የምትሠራበት ንድፍ ላይ ነበር። ኮንክሪት እንደፈሰሰ ይቀራል፤ ረግረግ ግን ከተረከባችሁት ንድፍ ተነሥቶ ራሱን ይሠራል።

ለዚህ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ የሚበልጥብኝ በአሜሪካ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኦለንታንጂ ወንዝ ዳር የተሠራው ነው። ዊልያም ሚትሽና ባልደረቦቻቸው እያንዳንዳቸው 1 ሄክታር የሚሆኑ፣ ቅርጻቸው ኩላሊት የሚመስል ሁለት ተመሳሳይ ረግረጎች አስቆፍረው እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 1994 ጀምሮ የወንዙን ውሃ በእኩል መጠን ለቀቁባቸው። አንደኛው ላይ በግንቦት ወር ወደ 2,500 የሚጠጋ ተክል ተተከለ፤ ሌላኛው ምንም ሳይተከልበት ለነፋስ፣ ለወንዙና ለወፎች ተተወ። በመጀመሪያው ዓመት ልዩነታቸው ግልጽ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ያልተተከለበትም በራሱ ለምልሞ፣ ሁለቱ በብዙ አሠራራቸው ተመሳሰሉ። እንደገና ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ የተተከለበት በዕፅዋት ዓይነት ብዛት፣ ያልተተከለበት ፊላ ስለወረሰው በጠቅላላ የዕፅዋት ምርት የሚለያዩበት ነገር ታየ። ክትትሉ ከ15 ዓመት በላይ ዘልቋል። እ.ኤ.አ. በ1995 ያቆመ ሰው አንድ ድምዳሜ፣ በ2000 ያቆመ ሌላ ድምዳሜ ይዞ ይሄድ ነበር።

ያን ሁሉ ዓመት በውሃው ውስጥ ቦቲ ጫማ አድርገው የገቡት በአብዛኛው ተማሪዎች ናቸው፤ በርካታ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች ከእነዚያ ሁለት ኩሬዎች ወጥተዋል። ሚትሽ ራሳቸውም ቢሆኑ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የኦደም ተማሪ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ያጠናቀቁት የዶክትሬት ሥራቸው በረግረግ ዛፎች ደንና በሐይቆች ውስጥ ስለሚጣሉ ንጥረ ነገሮች ነበር። ይህ ሙያ እንዲህ ከመምህር ወደ ተማሪ፣ ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲተላለፍ የመጣ ነው።

ስለዚህ ከስድስቱ ገንዳዎች ጎን ሰባተኛ አስቀምጡ። ጠጠርና ውሃው አንድ ዓይነት ይሁን፤ ክፍት ይተውና ምንም አትትከሉበት፣ የበቀለውንም አትንቀሉ። በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ ላይ ፎቶ አንሡት፣ የበቀለውን ቁጠሩ። አንድ ብቻ ስለሆነ ለስታቲስቲክስ አይሆንም፤ ለማየት ግን ይሆናል። የተቀሩት ሦስቱ ባዶ ገንዳዎች ግን ማነጻጸሪያ ናቸውና የሚበቅልባቸውን እየነቀላችሁ ባዶነታቸውን ጠብቁ። በአንድ ገንዳ ሸምበቆና ፊላ አትቀላቅሉ፤ አንዱን ምረጡ፣ እሱም በአካባቢው ካለ ረግረግ በፈቃድ የተወሰደና አገር በቀል ይሁን። የውሃው ወለል ሁልጊዜ ከጠጠሩ በታች ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይቆይ፤ ያኔ የወባ ትንኝ መራቢያ አታገኝም።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን። ትናንት ማታ አምስታችንም ተሰብስበን ምክራችሁን አንድ በአንድ አነበብን። ትልቁን ንድፍ ትተን ሰባት ገንዳ ለመሥራት ወስነናል፤ ጥያቄያችንም «የሸምበቆ ሥር በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት የውሃውን መንገድና ቆይታ ይለውጣልን?» የሚል ሆኗል። ከጥራት መለኪያዎች አሞኒየምን፣ ናይትሬትንና የሟሟ ኦክስጅንን ይዘን ፎስፈረስን ትተናል። ናሙና የሚወሰደው ረቡዕ ጠዋት ነው። አማካሪያችንም ዛሬ ፈቅደውልናል፤ እንዲያውም መዝገቡ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች እንዲተላለፍ የመደቡን ርክክብ የውጤታችን አካል እንደሚያደርጉት ነግረውናል።

አንድ የቀረን ጭንቀት አለ። በመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻና በሚቀጥለው መጀመሪያ መካከል የመመገቢያ አዳራሹ ለስድስት ሳምንት ይዘጋል፤ እጣቢ አይኖርም። ገንዳዎቹን ምን እናድርጋቸው?

መልስ 1 (የአካባቢ ምህንድስና መምህር)፦

እንዳይደርቁ እንጂ እንዳይራቡ አትጨነቁ። ሸምበቆው ስድስት ሳምንት ያለ እጣቢ በንጹሕ ውሃ ይቆያል፤ ባክቴሪያዎቹ ይቀንሳሉ፣ እጣቢው ሲመለስ ግን በባዶ ጠጠር ከመጀመር በፈጠነ ጊዜ ያገግማሉ። ከገንዳው የሚወጣውን ውሃ በባልዲ ተቀብሎ መልሶ ወደ መግቢያው የሚያፈስና የጎደለውን እስከ ቀለሙ ምልክት ድረስ የሚሞላ፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ አንድ ሰው መድቡ። የጨመረውን ውሃ በሊትር ከቀኑ ጋር በደብተሩ ይጻፍ። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች አሁኑኑ የሚታወቁ ከሆነ ደግሞ ያ ሰው ከእነሱ አንዱ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ከመሙላታቸው በፊት የእናንተን ገጾች ለማንበብ ስድስት ሳምንት ይኖራቸዋል።